የካሴቱ ጭራ አይቆረጥም

ጡረታ የወጣሁ ቀን መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ፣ ለስላሳ አጠጣኝ፣ ንግግርም አደረገልኝ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ፣ ከእኔ በኋላ ተቀጥሮ ከእኔ በፊት አለቃ የሆነ ሰው፣ «አቶ ማርቆስ ካሴት ሲያዳምጡ ጡረታ የደረሱ ሰው ናቸው» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጋቢ ለብሶ መቆጣት አያምርም። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ካወለቅኩ በኋላ ግን ተናደድኩ፣ ንዴቱም እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። አዎ፣ ሳዳምጥ ነው የኖርኩት። ሥራዬ እሱ ነበር። እናንተ ስትናገሩ ስለኖራችሁ አዳማጭ ሁሉ ሥራ ፈት ይመስላችኋል። እስቲ ዛሬ ተራው ይለወጥና እኔ ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት ጃጁራ፣ በአስተማሪነት ነው። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባ ሕዝብ ሁሉ በቋንቋው ይማር፣ ባህሉን ያጥና ተባለና ሆሳዕና ላይ የባህል ክፍል ተከፈተ። ቋንቋችንን ሀዲይሳን አሳምሮ የሚጽፍ አስተማሪ ሲፈለግ የእኔ ስም ወጣ። ደመወዙ እንደ ድሮው ነው፤ የተጨመረልኝ የቢሮ ቁልፍ ብቻ ነበር። ስደርስ ክፍሉ አሮጌ መጋዘን ሆኖ አገኘሁት። ግማሹ «ሙዚየም» ተብሏል፤ እርካብና ልጓም፣ ጦርና ጋሻ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የእንሰት መፋቂያ ተደርድሮበታል። በሌላው ግማሽ የካሴት መደርደሪያ፣ አንድ ጠረጴዛና ጋሽ ጳውሎስ ነበሩ።

ጋሽ ጳውሎስ የዶዮገና ሰው ናቸው፤ ከምባታ፣ ፕሮቴስታንት፣ ዕድሜያቸውን በማስተማር የጨረሱ። እኔ ሀዲያና ካቶሊክ ነኝ። እሳቸው በጾማችን ያበሽቁኛል፣ እኔ ደግሞ የዝማሬያችሁ ርዝመት ጎረቤት አላስተኛ አለ እላቸዋለሁ፤ እንዲህ ስንባባል ነው የሽማግሌ ቃል በካሴት የመቅዳቱን ሥራ ያስተማሩኝ። ሽማግሌ ቤት ሲገቡ ቴፑን ከቦርሳ ለማውጣት አይቸኩሉም። ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ልጆቹ። ከተሰጣቸው ከፍ ያለ ወንበር ወርደው ከሽማግሌው እኩል ይቀመጣሉ። ቴፑን ሲከፍቱ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና አብሮ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ በራሳቸው ድምፅ ይናገራሉ። ተናጋሪው የገዛ ድምፁን ሰምቶ «ይሁን» ሳይል ካሴቱን ይዘው ከቤት አይወጡም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ወሬው አልቆ ሰው ሲነሣም ቴፑን አለመዝጋታቸው ነው፤ ክሩ በራሱ እስኪያልቅ ይተዉታል። ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ሊሄድ ሲነሣ ነው ይሉ ነበር። ያንን መጨረሻ እኛ «ጭራ» እንለዋለን። ጭራ ውስጥ ዶሮ ይጮኻል፣ ወንበር ይንቋቋል፣ ሰው ይሳሳቃል።

አቶ ዶባሞን የቀዳናቸው በዚያ ጊዜ ነው። ከቦኖሻ ወረድ ብሎ የሚኖሩ፣ ቃላቸው በመላው ሻሾጎ የሚከበር ሽማግሌ ነበሩ። ለእኔ ደግሞ የታናሽ እህቴ የታደለች ባል አባት ናቸው። ታደለች ያኔ ለዚያ ቤት አዲስ ሙሽራ ነበረች።

ስለ ጋብቻና ስለ ፈረስ ልናስወራቸው ሄደን እሳቸው ያወሩን ስለ በሽታ ነው። በልጅነታቸው ጠዋት የታመመ ከሰዓት የማይደርስበት ተቅማጥ ቆላው ላይ ገብቶ ነበር። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ለቅሶን «አሰሩ»። የሞተ ሰው በጥቂት ሰው ይቀበራል፣ ሌላው በየቤቱ ይቆያል፣ ለቀስተኛ አይመጣም። በሽታው ሲወጣ ለቅሶው «ይፈታና» ለእያንዳንዱ ሟች እንደ ማዕረጉ ይለቀስለታል፤ ማንም ሳይለቀስለት አይቀርም። በየበሩ ደግሞ ታችኛው ቀዳዳው በእንጨት የተወተፈ ቅል ይሰቀላል፤ የሚገባም የሚወጣም ውታፉን ነቅሎ ይታጠባል። ባለቤታቸው እማማ አመለች ከጓዳ አንድ እንዲህ ያለ ቅል አውጥተው ሰጡን። ሙዚየም ገባ፣ «ቅል፣ የውሃ ዕቃ» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት፣ ከዚያ ተረሳ።

በዚያ ካሴት ጭራ ላይ የታደለች ድምፅ አለ። ምግብ አቅርባ፣ ውሃ ይዛ፣ እጃችሁን ታጠቡ እያለች ሰዉን ትጠራለች። ያን ጊዜ ልብ ብሎ የሰማት ሰው አልነበረም።

ጋሽ ጳውሎስ ጡረታ ወጥተው ወደ ዶዮገና ሄዱ፤ እኔ ከካሴቶቹ ጋር ቀረሁ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ይህን የተረተ ሰው ካሴት አያውቅም። ዝም ያለ ካሴት ይሻግታል። መደርደሪያው ላይ ነጭ ሻጋታ ማየት ስጀምር በእርዳታ የመጣች አንዲት ኮምፒውተር ለምኜ ወሰድኩና ሁሉንም ወደ እሷ መገልበጥ ጀመርኩ። ነገሩ ለሚያየው ቀላል ነው፤ ቴፑን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተህ መቀመጥ ነው። ሥራው ግን ከዚያ በፊት ነው። የተጣበቀውን ክር በጣት እያላቀቅክ፣ ልባሱ የተሰበረውን ካሴት በትንሽ መፍቻ ፈተህ ክሩን በሌላ ልባስ እየከተትክ፣ የቴፑን ራስ በአልኮል በነከርከው ጥጥ እየጠረግክ ትውላለህ። መብራት ስለሚጠፋ ድምፁን በአጭር በአጭሩ እየቆረጥኩ ማስቀመጥ ነበረብኝ። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ነው፤ ሽማግሌ ቶሎ በል አይባልም። የሰው ስም በፊደላችን ስጽፍ ኮምፒውተሩ ባዶ ሣጥን ሣጥን ስለሚያደርገው በላቲን መጻፍ ተማርኩ።

አለቆቼ ብዙ ነበሩ፣ አመላቸውም ብዙ ነበር። የመጀመሪያው ካሴቶቹ ውስጥ ጠባብነት ተቀድቶ እንዳይሆን ብሎ ሲፈራ ሄደ። ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት ለውጥ ሲመጣ ደግሞ አቶ ተስፋዬ የሚባል የሥራ ሂደት አስተባባሪ ተሾመብኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁሉን በውጤት መለካት የሚወድ ፈጣን ሰው ነው። ሙዚየሙን ስንት ሰው ጎበኘ፣ ካሴቱ ለምን ጥቅም ዋለ ሲለኝ የተጣበቀ ክር ማላቀቄን እቀጥላለሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ መጀመሪያ ወንበሮቻችን ለስብሰባ ሄዱ፣ ቀጥሎ መደርደሪያው፣ በመጨረሻም ክፍሉ ራሱ አዳራሽ ይሁን የሚል ሐሳብ መጣ።

ክርክሩ ሳያልቅ ክረምቱ ከበደና ጎርፍ የሻሾጎን ጉድጓድ ውሃዎች አጥለቀለቀ። ወዲያው አተት ገባ። በወረቀት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ይባላል፤ ሰዉ ግን ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት አልወደደም። ወረርሽኙን የምትከታተለው ሲስተር አስቴር የምትባል ነርስ አንድ ቀን ጫማዋ በጭቃ እንደተለወሰ ቢሯችን ገባች። ጤና ኤክስቴንሽኖቹ ቤት ለቤት ዞረዋል፣ ፖስተር ተለጥፏል፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ታድሏል። ሰዉ ውሃ አፍሉ ቢሉት ያፈላል፣ ሽንት ቤት ቆፍሩ ቢሉት ይቆፍራል። ለቅሶ አትሂዱ ሲሉት ግን ተሰደብኩ ብሎ ይነሣል። ሰው ሲሞት መንደሩ ሁሉ ይተማል፣ አብሮ ይበላል፣ ከአንድ ጣሳ ይጠጣል፣ ከዚያ በሽታው ከለቀስተኛው ጋር ወደየቤቱ ይከፋፈላል። ባህላቸውን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ምን ብዬ ልንገራቸው አለችኝ። እኔም ኮምፒውተሩን ከፍቼ አቶ ዶባሞን አስደመጥኳት። ሀዲይሳ አሳምራ ስለምትሰማ ቆማ የጀመረችውን ሳታውቀው ቁጭ ብላ ጨረሰችው።

አቶ ዶባሞ በዚያ ጊዜ ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ የሞቱት በእርጅና ነው። ድምፃቸውን ገበያ ላይ የማሰማቱን ሐሳብ ለአቶ ተስፋዬ ስንነግረው ለካሴቱ ውጤት አገኘሁለት ብሎ ደስ አለው፣ መኪናና ድምፅ ማጉያም አስፈቀደ። እኔ ታደለችን ጠየቅኳት። ቤቱን የያዘችው እሷ ስለሆነች ባሏንም እማማ አመለችንም አማክራ «የአባባ ቃል ሰው ካዳነ ይውጣ» አለችኝ። ሁላችንም የዚያው አገር ልጆች ነን፤ ነርሷ፣ አለቃው፣ እህቴ፣ እኔ። ለቅሶ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን አንዳችንም ያላሰብነው ነገር ነበር።

በቦኖሻ ገበያ ቀን መኪናዋን በርበሬ ተራ አጠገብ አቁመን ድምፁን ለቀቅነው። የአቶ ዶባሞ ሳል ቀድሞ ወጣ፤ ሳላቸውን የማያውቅ አልነበረም። ቀጥሎ ቃላቸው መጣ። ገበያው ጸጥ አለ። እኔና አስቴር ሰመረልን ብለን ተያየን። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል አንድ ጩኸት ተሰማ፤ የታደለች ነበር። እሺ ያለችው እሷ ናት፤ የእኚያ ሰው ድምፅ ከሰማይ እንደሚመጣ ሆኖ ሲወርድባት ግን አልቻለችም። ሌሎቹም ተከተሏት። የተቀመጠው ተነሣ፣ በርበሬውን የዘረጋው ጠቀለለ። ሰዉ፣ ለለቅሶ አትሰብሰቡ ያሉትን ሽማግሌ ሊያለቅስ ተሰብስቦ ወደ አመለች ቤት ጎረፈ። ማጉያውን ብንዘጋም ዋጋ አልነበረውም። ማታ ድረስ ከየአቅጣጫው ቆጮና አይብ፣ ወተትና ቅቤ የያዘ ሰው ሲገባ ዋለ፤ ታደለች ጎርፍ ከገባበት ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ እንግዳ ስታስተናግድ ዋለች።

ከሥራዬ ሁሉ የከፋው ቀን ያ ነው። ብዙ ሰው ታመመ። ታደለች እንግዳ እስኪሸኝ መታመሟን ደበቀች፤ ለአተት ወደተተከለው የሕክምና ድንኳን ሲያደርሷት ደም ሥሯ ለመርፌ አልገኝ አለ። እኔ ከሆሳዕና ደርሼ ስሟን ስጠራት ዓይኗን ከፈተች። ያን ዕለት አረፈች።

ወዲያው ወሬው ሆሳዕናም ዱራሜም ደረሰ። ዘመዶቻችን አይሱዙ ተከራይተው መጡ። ወደ መንደሩ በሚገነጠለው መንገድ ላይ ቆሜ አስቆምኳቸው። ከሹፌሩ ጎን አጎታችን ነበሩ፤ ታደለችን አቅፈው ያሳደጉ ሰው ናቸው።

«ተመለሱ» አልኳቸው።

«እህትህን ያለ ሰው ልትቀብራት ነው?»

«አዎ። ለቅሶዋ ይታሰራል። በሽታው ሲወጣ እናለቅሳታለን።»

«አንተ ማን ሆነህ ነው ለቅሶ የምታስር?»

 ከመንገዱ አልወጣሁም፤ ከፈለጉ በላዬ ይሂዱ ብዬ ቆምኩ። አይሱዙው ዞረ። አጎቴ ለወራት አላናገሩኝም፤ ከዘመድ ወገንም ስሜን በክፉ ያላነሣ አልነበረም። ያ ቀን ዛሬ ተመልሶ ቢመጣም እዚያው መንገድ ላይ እቆማለሁ።

ከቀብሩ ስንመለስ ለጋሽ ጳውሎስ ስልክ ደወልኩ። ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ማርቆስ፣ የሞተ ሰው ድምፅ ብቻውን መንገድ አይወጣም» አሉኝ፤ «ሕያው ሰው እጁን ይዞት ይሂድ። ሐዘኑ የማን እንደሆነ ያ ሰው ይናገር።»

ወደ እማማ አመለች ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ለቀስተኛ ሲመጣ በእጃቸው እያመለከቱ ይመልሱታል። ጋሽ ጳውሎስ እንዳስተማሩኝ ቴፑን ለማውጣት አልቸኮልኩም። ስለ ላማቸው ጠየቅኳቸው፣ ስለ ታደለች ልጆች ጠየቅኳቸው።  ከዚያ እሳቸው ራሳቸው «ያንን ነገር አውጣው» አሉኝ። የተናገሩትን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፦

«እኔ አመለች ነኝ፣ የዶባሞ ሚስት። ባሌን አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ ድምፁን ስትሰሙ ስሙት እንጂ አታልቅሱት። የልጄን ሚስት ታደለችን ግን ገና አላለቀስኳትም። እንባዬን አስሬዋለሁ። እኔ ካሰርኩ እናንተም እሰሩ። በሽታው ሲወጣ እኔው ራሴ እፈታዋለሁ፣ ያን ቀን የቀረ ሰው ዘመዴ አይደለም። እስከዚያ ደጄን የሚረግጥ ወዳጄ አይደለም።»

መልሼ አሰማኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው «የእኔ ነው፣ ውሰደው» አሉ።

ሆሳዕና ስመለስ የእማማ አመለችን ቃል ከፊት፣ የአቶ ዶባሞን ከኋላ አድርጌ አገጣጠምኩ። ድምፅ ማጉያ አልፈለግንም። ያኔ ሰው ሁሉ ዘፈንና መዝሙር በሜሞሪ ካርድ የሚያስሞላበት ዘመን ነው፤ ሲስተር አስቴር ሆሳዕና፣ ጃጁራና ቦኖሻ ያሉ የስልክ ቤቶችን ዞራ ካርድ ሊያስሞላ ለመጣ ሁሉ ይህንንም ጨምሩለት አለቻቸው። ድምፁ በኪስ ገባ። ሰው ማታ ቤቱ ተቀምጦ ከልጆቹ ጋር ይሰማዋል፤ ሊያለቅስ ቢከጅለው እንኳን ሕዝብ የለም፣ ገበያ የለም።

አቶ ተስፋዬ ግን አንድ ነገር አዘዘኝ። ጭራው ጫጫታ ስለሆነ ቁረጠው፣ ፋይሉ ይቅለል አለኝ። ትክክል ነው፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ቃሉ ነው። እኔ ግን አልቆርጥም አልኩ። ደብዳቤ እጽፍብሃለሁ አለኝ፤ ጻፍ አልኩት። እሱም ሳይጽፍ ተወው። ታደለች ከነጭራዋ ወጣች።

የሆነውን ሰዉ ይመስክር። ሽማግሌው ለቅሶን እንዴት እንደሚያስሩ ተናግረው ሲጨርሱ፣ ሰው ሁሉ አሁን የት እንዳለች የሚያውቃት ሴት ሳቅ ባለበት ድምፅ ኑ እጃችሁን ታጠቡ ትላለች። ያንን ሰምቶ ሳይታጠብ እጁን ወደ ማዕድ የሚሰድ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው። በየመንደሩ ልጆች በር ላይ ቆመው የእሷን ቃል እየተናገሩ እንግዳ ያስታጥቡ ጀመር። ጃጁራ ገበያ ስሄድ የማላውቀው ሰው ሁሉ «ማርቆስ፣ ና ታጠብ!» ይለኝ ነበር፤ ስሜን ጠርታ ስለነበር ነው። መጀመሪያ ያንን ስሰማ መንገድ እቀይር ነበር፤ በኋላ ግን ሳይሉኝ ሲቀሩ ቅር ይለኝ ጀመር።

ቅሉንም ከመስታወት ሣጥኑ አወጣሁት። የሙዚየም ዕቃ ሞዴል ሃያ ሁለት የሚባለው የንብረት ወጪ ቅጽ ሳይሞላ አይወጣም ተባልኩ፤ ሞዴሉን በኋላ ሞሉት፣ እኔ ግን ቅሉን ይዤ ቦኖሻ ነበርኩ። እማማ አመለች የገዛ ዕቃቸውን ተቀብለው በራቸው ላይ ሰቀሉት፣ ውታፉ እንዴት እንደሚቀረጽም ለሴቶቹ አሳዩ። ከዚያ በኋላ በቆላው ውስጥ ቅል ያልተሰቀለበት በር ማየት ያሳፍር ነበር። ቅል ያጣ የዘይት ጄሪካን በስቶ ሰቀለ።

ለቅሶው ታስሮ ቆየ። የሞተ ሰው በጥቂት ሰው ተቀበረ፣ ዘመድ በየቤቱ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። የታማሚው ቁጥር እየቀነሰ ሄዶ ድንኳኑ ተነቀለ። አስቴር በሽታው ወጥቷል ስትል እማማ አመለች ወደ ሜዳው ወጡና ለቅሶውን ፈቱ።

እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከዶዮገና ሰው ወረደ፣ ፈረስም መጣ። ለታደለች ብቻ አልነበረም፤ ያለ ሰው የተቀበረ ሁሉ በስሙ እየተጠራ ተለቀሰለት። አጎቴ ከአይሱዙው ወርደው ቀጥታ ወደ እኔ መጡና አንገቴን አቅፈው አለቀሱ።  ወደ ማዕድ ከመቀረቡ በፊት ያ ሁሉ ሰው በቅሉ ሥር ተሰልፎ ታጠበ።

ክፍላችን አዳራሽ ሳይሆን ቀረ። ስለ ውጤት የሚጠይቀኝ ሰው ለጥቂት ዓመታት ጠፋ፤ በኋላ አለቆች ሲቀያየሩ ጥያቄው ተመልሶ መጣ። አለቃ አገሩን እንደ አዲስ ይጀምራል። ለዚህ ነው ያ ንግግር ያበገነኝ። እነዚያ ካሴቶች ሻግተው ተጥለው ቢሆን ኖሮ አዳራሹ ውስጥ ከሳቁት መካከል ዛሬ በሕይወት የማይኖር ሰው ሊኖር ይችል እንደነበር የሚያውቅ አልነበረም።

ከግብዣው ማግስት ሥራዬን በቦታዬ ለተተካው ባለሙያ አስረከብኩ። የተማረ፣ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ፋይሎቹን እየከፈተ ሲያይ ዶባሞ ላይ ደረሰ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ እስከ መጨረሻው እየዘለለ ሰማና «ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ የሴት ድምፅ ገብቷል፣ ላጽዳው?» አለኝ። ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅዬ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ከፈትኩት።

አቶ ዶባሞ ያስላሉ። ወንበር ይንቋቋል። ጋሽ ጳውሎስ በአንድ ነገር ይስቃሉ። ውሃ ወደ ሳህን ሲወርድ ይሰማል፣ ከዚያ እህቴ ጮክ ብላ ትጠራኛለች፦ «ማርቆስ፣ ያንን ነገር ዝጋውና ና ታጠብ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

አልዘጋሁትም።